ጎመን በጤና

ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ የቤታችሁን ደጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከብቶቹ ከግጦሽ ይመለሳሉ። ጥጃው እናቱን ፈልጎ ይጮኻል። ልጆች ደጅ ይሯሯጣሉ። በዚህ ሰዓት አንደኛው ልጅ ጨዋታውን ትቶ ግድግዳ ሥር ቁጭ ይላል? ቀን ሲቦርቅ የዋለው ልጅ ሲመሽ የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ይላል? መድረኩ ያደናቅፈዋል? እንጀራው ፊቱ ቀርቦለት በእጁ ይዳብሳል?

እንዲህ ከሆነ ልጁን አትቆጡት። ሰነፍ አይደለም። ፈሪም አይደለም። ዓይኑ አላይ ብሎት ነው። ይህ በሽታ ዳፍንት ይባላል።

የዳፍንትን ስም ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አመጣጡን ግን ሁላችንም አናውቀውም። አንዳንዱ ሰው «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የሰው ዓይን ነክቶት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ዳፍንት የሚመጣው ከምግብ ጉድለት ነው። የጎደለውም ነገር ቪታሚን ኤ ይባላል።

ደግነቱ ይህ ነገር ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ከጓሮአችን ይበቅላል። ከዶሮአችን እንቁላል ውስጥ አለ። ከላማችን ቅቤ ውስጥ አለ። እንዴት እንደምናገኘው፣ እንዴት እንደምናበስለውና በመጀመሪያ ለማን እንደምንሰጠው ካወቅን ልጃችንን ከዳፍንት ልንጠብቀው እንችላለን።

ቪታሚን ማለት ምን ማለት ነው?

የምንበላው ምግብ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላ ጉልበት ይሰጡናል። ባቄላ፣ ምስር፣ ወተትና ሥጋ ሰውነታችንን ይገነባሉ። ቪታሚን ደግሞ ሌላ ነው። የሚያስፈልገን መጠን በጣም ጥቂት ነው። ከጎደለ ግን ሰውነታችን ሥራውን በትክክል መሥራት አይችልም።

አንድ ድስት ሙሉ ወጥ አስቡ። ሽንኩርቱ አለ። በርበሬው አለ። ሽሮው አለ። ጨው ግን ተረስቷል። ወጡ ይበላል? አይበላም! የጎደለው አንድ ቁንጥር ብቻ ነው። ያቺ ቁንጥር ግን ድስቱን ሙሉ አበላሸችው። ቪታሚንም እንደዚሁ ነው። ሆድ ጠግቦ ሳለ ሰውነት ሊራብ ይችላል። ልጁ እንጀራ በልቶ ጠግቦ ያድራል፤ ዓይኑ ግን ጦሙን ያድራል።

ቪታሚኖች በጠቅላላው 13 ናቸው። ስማቸው በፈረንጅ ፊደል ይጠራል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ይባላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቢ የሚባለው ብቻውን 8 ወንድማማቾች አሉት። ቪታሚን የሚለውን ስም ያወጣው ካዚሚር ፉንክ የሚባል በፖላንድ የተወለደ ተመራማሪ ነው። ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ነበር።

ነገሩ ግን ከስሙ በፊት ይታወቅ ነበር። በድሮ ጊዜ በባሕር ላይ ብዙ ወራት የሚቆዩ መርከበኞች በአንድ ክፉ በሽታ ያልቁ ነበር። ድዳቸው ይደማል። ጥርሳቸው ይነቃነቃል። ቁስላቸው አልድን ይላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል የመርከብ ሐኪም 12 በሽተኞችን መረጠ። ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለያየ ነገር ሰጠ። ለሁለቱ ሎሚና ብርቱካን ሰጣቸው። ከሁሉም ቀድመው የዳኑት ሎሚና ብርቱካን የበሉት ሁለቱ ሆኑ። አንደኛው በ6 ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለመርከበኞቹ የጎደላቸው ዛሬ ቪታሚን ሲ የምንለው ነው። መድኃኒታቸው ከምግብ ተገኘ።

ጎተራና የዕለት ጉርስ

ቪታሚኖችን በሁለት ወገን ከፍለን ብንይዝ አንረሳቸውም።

አንደኛው ወገን በቅባት የሚሟሟ ነው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የዚህ ወገን ናቸው። ቅባት ከሌለ ወደ ሰውነታችን በደንብ አይገቡም። ከገቡ በኋላ ግን ሰውነት ለክፉ ቀን ሊያስቀምጣቸው ይችላል። በተለይ ቪታሚን ኤ በጉበታችን ውስጥ ይከማቻል። ጉበት ለቪታሚን ኤ እንደ ጎተራ ነው። በደህና ጊዜ ከተሞላ ለወራት ያቆያል። ባዶ ከሆነ ግን ችግሩ ይጀምራል።

ሁለተኛው ወገን በውሃ የሚሟሟ ነው። የቢ ወንድማማቾችና ሲ የዚህ ወገን ናቸው። አብዛኞቹ በሰውነት ውስጥ ብዙ አይቀመጡም። የተረፈው በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እነዚህ የዕለት ጉርስ ናቸው። ትናንት የበላነው ለከርሞ አይሆንም።

ይህን ያወቀች እማወራ ሁለት ነገር ትረዳለች። አንደኛ፣ ጎመን ያለ ቅባት ቢበላ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ጎመኑ የተቀቀለበት ውሃ ሲደፋ ቪታሚኑም አብሮ ይደፋል።

ዳፍንት እንዴት ይመጣል?

ኩራዝ ጋዝ ሲያልቅበት ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ይጠፋል። ዓይንም እንደዚሁ ነው።

በዓይናችን ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያስችለን ነገር አለ። ይህ ነገር የሚሠራው ከቪታሚን ኤ ነው። ስናይበት ያልቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ መተካት አለበት። ጎተራው፣ ማለትም ጉበታችን፣ ባዶ ከሆነ የሚተካው አይገኝም። በዚህ ጊዜ ልጁ ቀን ቀን ደህና ያያል፤ ሲመሽ ግን ማየት ያቅተዋል።

በዚህ ጊዜ ካልታከመ በሽታው ወደ ፊት ይገፋል። የዓይኑ ነጩ ክፍል ይደርቃል፤ ወዙን ያጣል። አንዳንዴ የሳሙና አረፋ የሚመስል ነጣ ያለ ነጥብ ይታይበታል። ቀጥሎ የዓይኑ መስተዋት ይደፈርሳል፤ ይቆስላል። እዚህ ከደረሰ በኋላ ዓይኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋውን ዓይን ደግሞ ጎመንም ሆነ እንክብል አይመልሰውም።

ጉዳቱ በዓይን ብቻ አያበቃም። ቪታሚን ኤ የሰውነትም አጥር ነው። አጥሩ የፈረሰበት ልጅ ለተቅማጥና ለኩፍኝ ይጋለጣል። ኩፍኝ ራሱ ደግሞ የቀረውን ቪታሚን ኤ ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ልጅ ኩፍኝ ከያዘው ዓይኑም ሕይወቱም አደጋ ላይ ናቸው። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም በዳፍንት ልትያዝ ትችላለች። ለሁለት ሰው ስለምትበላ ጎተራዋ ቶሎ ይጎድላል። «ሲመሽ ዓይኔን ጋረደኝ» ካለች «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ብለን ዝም ማለት አይገባንም። ሕክምና ያስፈልጋታል።

የት እናገኘዋለን?

ቪታሚን ኤ በሁለት መንገድ ይገኛል።

የመጀመሪያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ነው። ይህ ከእንስሳት የሚገኘው ነው። በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በወተትና በቅቤ ውስጥ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ጉበት ነው። ለምን ቢባል፣ የበጉም ጉበት እንደ እኛ ጉበት የበጉ ጎተራ ስለሆነ ነው። ጉበቱን አብስላችሁ ብሉት። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጉበት ማብዛት የለባትም። ከመጠን ያለፈ ቪታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ሰውነታችን ራሱ የሚያዘጋጀው ነው። ጥሬ ዕቃው ከአትክልትና ከፍራፍሬ ይገኛል። በምን እናውቀዋለን? በቀለሙ። ሁለት ቀለም ያዙ። አንደኛው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ የዱባ ቅጠልና የሽፈራው ቅጠል ከዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ የበሰለ ማንጎ፣ የበሰለ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ከዚህ ውስጥ ናቸው። ስኳር ድንቹ ውስጡ ነጭ ከሆነ ግን ቪታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል።

ለሕፃን ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ምግብ አለ። እሱም የእናት ጡት ነው። ልጅ እንደ ተወለደ የሚወጣው ቢጫና ወፈር ያለ ወተት፣ እንገር፣ በቪታሚን ኤ የበለጸገ ነው። በአንዳንድ ቦታ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እንገሩን ለጥጃ የማይከለክል ገበሬ ለልጁ እንዴት ይከለክላል? ልጅ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ጡት እየጠባ ሌላ ምግብ ይጀምር። ቢያንስ እስከ 2 ዓመት ጡት ይጥባ።

«እኛ ጎመን በልተን አይደለም ወይ ያደግነው?»

እንዲህ የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው። አባቶቻችንም «ጎመን በጤና» ብለው ይተርታሉ። ሲተርቱ ግን ጎመንን ዝቅ አድርገው ነው። «ሥጋ ባይኖርም፣ ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል» ማለታቸው ነው። ዛሬ ግን ተረቱን ሌላ ትርጉም እንስጠው። ጤናው ያለው ከራሱ ከጎመኑ ውስጥ ነው!

ታዲያ ጎመን እየተበላ ዳፍንት ለምን ይመጣል? ምክንያቱ አራት ነው።

1ኛ፦ ጎመኑ የሚበላው አልፎ አልፎ ነው። በክረምት ይበዛል፤ በበጋ ከጓሮ ይጠፋል። በቅጠል ውስጥ ያለው ጥሬ ዕቃ ደግሞ ሁሉም ወደ ቪታሚን ኤ አይለወጥም። ከምግብ የገባው 12 እጅ ቢሆን 1 እጅ ቪታሚን ኤ ይወጣዋል። ስለዚህ ቅጠል በየቀኑ ቢበላ ነው የሚጠቅመው።

2ኛ፦ ያለ ቅባት ይበላል። በፍስክ ቀን ጥቂት ቅቤ ጣል አድርጉበት። በጾም ቀን የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ጨምሩበት። ዘይት ከሌለ ተቆልቶ የተፈጨ ኑግ ወይም ተልባ ቅባት አለው። ለአንድ ልጅ ድርሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

3ኛ፦ አበሳሰሉ ይበላሻል። ጎመኑ ከተከተፈ በኋላ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ብዙ ሰዓት ይንተከተካል። ከዚያ ውሃው ይደፋል። እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ እጠቡት፤ ከዚያ ክተፉት። በጥቂት ውሃ፣ ድስቱን ከድናችሁ አብስሉት። ቅጠሉ ሲለሰልስ አውርዱት። ውሃው ከተረፈ ለወጥ አድርጉት።

4ኛ፦ ለልጁ አይደርሰውም። «ጎመን ለልጅ ሆድ ይከብዳል» ተብሎ ልጁ እንጀራውን በመረቅ ብቻ ይበላል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ጎመኑን አድቅቃችሁ ከትፋችሁ፣ አልማችሁ፣ ከገንፎው ጋር ደባልቃችሁ ስጡት። ዱባና ካሮትም ተቀቅሎና ተፈጭቶ ለልጅ ይሆናል።

እንቁላሉ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የገበያ ቀን ነው። እማወራዋ የሳምንቱን እንቁላል በጭድ ሸፍና በቅርጫት ይዛ ትሄዳለች። ቅቤውንም በቅል ይዛለች። ሸጣ ጨው ትገዛለች። ሳሙና ትገዛለች። ለተማሪው ደብተር ትገዛለች። ይህን ማንም አይወቅስም። ቤት የሚቆመው በዚህ ነው።

ነገር ግን ስትመለስ ለትንሹ ልጅ ብስኩትና ከረሜላ ይዛለት ትመጣለች። ልጁ ይደሰታል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከቤት የወጣው እንቁላል ነው። ወደ ቤት የገባው ከረሜላ ነው። የዓይን ምግብ ወጥቶ ጥርስ የሚያበላሽ ነገር ገባ። በዚህ ንግድ አትራፊው ማን ነው?

ሁሉንም እንቁላል አትሽጡ አንልም፤ እንብላው ብንልም አይሆንም። እንዲህ ግን እናድርግ። ዶሮዎቹ 10 እንቁላል ከጣሉ 7ቱ ለገበያ ይሁን። 3ቱ ለትንንሽ ልጆች ይቅር። ከቅቤውም ለልጁ ገንፎ የምትሆን ጥቂት ከድስቱ ሥር ትቅር። ይህን ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ቢስማሙበት ጥሩ ነው። እማወራዋ ብቻዋን ብታስብ «እንቁላሉ የት ሄደ?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል።

በግ ሲታረድም እንደዚሁ ነው። ዱለት ሲሠራ የሚቀርበው ለአባወራውና ለእንግዳው ነው። ልጁ በር ላይ ቆሞ ሽታውን ይስባል። የበጉ ጎተራ የሆነው ጉበት ያለው ግን እዚያ ዱለት ውስጥ ነው! አባወራ ሆይ፣ እንግዳህን አክብር፤ ደግ ነው። ነገር ግን ከጉበቱ ቆርጠህ፣ በደንብ አስጠብሰህ፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ለልጅህ አጉርሰው። ያቺ ጉርሻ ለብዙ ቀን ስንቅ ትሆነዋለች።

ስለ ጾም

በጾም ወራት በብዙ ቤት ወተትና እንቁላል ድስት ውስጥ አይገባም። ድስቱ እንዳይገደፍ ተብሎ ለሕፃኑም ሳይሠራለት ይቀራል። ሕፃን ልጅ ግን ጾም የለበትም። ስለዚህ ለልጁ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ። እንቁላሉንም ወተቱንም በዚያች ሥሩለት። የነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን ነገር ደግሞ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩበት። በጾምም ቢሆን ጎመን፣ ዱባና ካሮት በዘይት ተሠርተው ከማዕድ አይታጡ።

ጓሮአችንን እናልማ

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። ሰፊ መሬት አያስፈልግም። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ከቤቱ አጠገብ ይበቃል። ፍግና የቤት ጥራጊ አብላሉበት። ዶሮና ፍየል እንዳይገባ በእሾህ እጠሩት። በበጋ እህልና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አፍስሱበት።

ደጋ ያላችሁ ጎመንና ካሮት ትከሉ። የጎመን ችግኝ ከመደቡ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር በአንድ ክንድ ርቀት ይተከላል። ስትለቅሙ የዳር የዳሩን ቅጠል ልቀሙ፤ ልቡን ተዉት። እንደገና ያቆጠቁጣል። ካሮት ግን ሲዛወር አይወድም። ዘሩ እዚያው በመስመር ይዘራል። ሲበቅል ይሳሳል።

ወይና ደጋ ያላችሁ ዱባውን በአጥር ሥር ፍግ ባለበት ጉድጓድ ዝሩት። ዱባ ከተለቀመ በኋላ ለወራት ሳይበላሽ ስለሚቀመጥ ጎመን በሚጠፋበት ወራት ይደርስላችኋል። ብርቱካናማውን ስኳር ድንችም ትከሉ። ይህ ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሐረግ ቁረጡና አብዛኛውን አፈር አልብሱት። በ4 ወይም በ5 ወር ይደርሳል። ከእሱ 125 ግራም የሚሆን፣ ማለትም አንድ ትንሽ ፍሬ፣ ለአንድ ሕፃን ልጅ የዕለት ቪታሚን ኤ ይበቃዋል። ይህን ድንች በአፍሪካ ያስፋፉት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ከሌላ ባልደረባ ጋር የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ሐረጉ በአካባቢያችሁ ከሌለ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁት።

ቆላ ያላችሁ ፓፓያ፣ ማንጎና ሽፈራው ትከሉ። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ አያፈራም። ስለዚህ አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ሦስት አራት አድርጉት። ከተተከለ ዓመት ገደማ ሲሆነው ማፍራት ይጀምራል። ሽፈራውን የጋሞና የኮንሶ ሰዎች እንደ ጎመን አብስለው ይበሉታል። ደርቆ የሚቀመጥ ቅጠል ካላችሁ ከፀሐይ አርቃችሁ በጥላ አድርቁት። ፀሐይ ቪታሚኑን ያጠፋዋል።

ስለ ሌሎቹ ቪታሚኖች በአጭሩ

ቪታሚን ሲ በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በዘይቱን፣ በቲማቲምና በቃሪያ ውስጥ አለ። እሳት ይጎዳዋል። ስለዚህ ቃሪያውን በጥሬው ከሽሮው ጋር ብሉ፤ ሎሚውን በጎመኑ ላይ ጭመቁ። ቪታሚን ሲ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደማችን እንዲገባም ይረዳል። ደም ያነሳት ሴት ይህን ታስታውስ። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል። ስለዚህ ምግብ እንደ ተበላ ወዲያው አታፍሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

የቢ ወንድማማቾች በእህል ገለፈትና በጥራጥሬ ውስጥ አሉ። እህል ከመጠን በላይ ተፈትጎና ተነፍቶ ሲነጣ ቪታሚኑ ከገለፈቱ ጋር ይሄዳል። በዚህ በኩል ጤፍ ዕድለኛ ነው። ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ከነገለፈቱ ይፈጫል። ከቢ ወንድማማቾች አንዱ ፎሌት ይባላል። በምስር፣ በሽምብራና በጎመን ይገኛል። ለነፍሰ ጡር ሴት በጣም ያስፈልጋታል። ቢ 12 የሚባለው ግን ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ከዓሣ እንጂ ከአትክልት አይገኝም።

ቪታሚን ዲ አብዛኛው የሚገኘው ከፀሐይ ነው። ፀሐይ ቆዳችንን ስትነካ ሰውነታችን ያዘጋጀዋል። ሕፃንን «ዓይን ይወጋዋል፣ ብርድ ይመታዋል» ብለን ጨለማ ቤት ሸፍነን ስናስቀምጠው አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሲቆም እግሩ ይንጋደዳል። ጧት ጧት እጅና እግሩን ገልጣችሁ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ አሙቁት። ዓይኑን ግን ጋርዱለት።

ዳፍንት ያየ ሰው ምን ያድርግ?

ልጁ ሲመሽ አያይም ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጎመኑ እስኪደርስ አትጠብቁ። በማግስቱ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያ በአፍ የሚሰጥ የቪታሚን ኤ እንክብል አለ። በጊዜ ከተሰጠው ዳፍንቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቀዋል።

ዳፍንት የሌለበትም ልጅ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመቱ ድረስ በየ6 ወሩ አንድ ጊዜ እንክብሉን ይውሰድ። ጎተራውን ይሞላለታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀኑን ስትነግራችሁ አትቅሩ። ኩፍኝ ክትባቱንም አስከትቡት። ነገር ግን «ደግ ነገር ቢበዛ ምን አለበት?» ብላችሁ እንክብሉን ደጋግማችሁ አትስጡ። ቪታሚን ኤ በእንክብል ሲበዛ መርዝ ይሆናል። ለነፍሰ ጡር ሴትም ይህን የልጆች እንክብል አትስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ! የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር በዓይን ውስጥ አትጨምሩ። ዓይኑን ያቆስለዋል። ቅጠሉ መግባት ያለበት በዓይን ሳይሆን በአፍ ነው።

እንወያይበት

ውድ አንባቢ! ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ አታስቀምጡት። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከዚያ ቡና እየጠጣችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በመንደራችን ሲመሽ የማያይ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት አለች?
2. ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጃችን ስንት ቀን አረንጓዴ ቅጠል ወይም ብርቱካናማ ፍሬ በላ?
3. ጎመን ስናበስል ውሃውን እንደፋለን? ቅባትስ እንጨምራለን?
4. ዶሮአችን ከጣለችው እንቁላል ስንቱ ለልጁ ቀረ?
5. ከቤታችን አጠገብ አንድ መደብ የሚሆን ባዶ ቦታ የት አለ?

አምስተኛውን ጥያቄ በቃል አትመልሱት። በመቆፈሪያ መልሱት። መደቡን ዛሬ ቆፍራችሁ ጎመኑን ከተከላችሁ ጥቂት ወራት ቆይቶ የመጀመሪያውን ቅጠል ትቀነጥሳላችሁ። ያን ቀን ማታ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ጥጃው ሲጮህ፣ ልጃችሁን ደጅ ፈልጉት። ከግድግዳው ሥር እንዳይጠፋ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ይገኝ።

ጎመን በጤና!